የእትዬ ዘሐራ የመንገደኛ ባትሪ

እትዬ ዘሐራ ማረፋቸውን የሰማሁት ለአንዲት ደንበኛ የሻንጣ ዚፕ እየከፈትኩና እየዘጋሁ ሳሳይ ነው። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤዋለሁ። የደወለው ከማል ነበር፣ የእህታቸው ልጅ ባል። «አስቱ፣ እትዬ ዘሐራ…» አለ። ሌላ መጨመር አላስፈለገውም። ደንበኛዬ ምንም አላወቀችም። «ዚፑ ጠንካራ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጠንካራ ነው» አልኳት። ከዚያ፣ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ «ባትሪስ ይዘሻል?» አልኳት። ይሄ የኔ ንግግር አይደለም። ይሄን የሚሉት እሳቸው ነበሩ፣ ያውም ከቆርቆሮው ማዶ ሆነው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። የሳቸውን ቃል ከራሴ አፍ ስሰማው ነው ያለቀስኩት።

ሱቆቻችን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመሃላቸው አንዲት የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ አለች። እኔ ሻንጣ እሸጣለሁ፣ እሳቸው የእጅ ባትሪ ይሸጡ ነበር። ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄደው፣ ለሐጅ የሚነሳው፣ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ የሚመላለሰው ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ ደግሞ የእትዬ ዘሐራ ድምፅ ይይዘዋል። «ነይማ አንቺ! በአውሮፕላን ነው የምትሄጂው?» አዎ ያለች አለቀላት። ግማሽ ቀኗን እዚያች በርጩማ ላይ ታሳልፋለች።

አጭር፣ ሞላ ያሉ ሴት ነበሩ። ጥፍራቸው ሁልጊዜ እንሶስላ የነካው ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበሩ አቃቂ አብረው ገቡ፣ ባል ሲሞቱ እሳቸው እዚያችው ሱቅ ቀሩ። እኔ ስጾም በፊቴ ቁርስ አይበሉም። እሳቸው ሲጾሙ እኔም ውኃዬን ወደ ጓሮ ዞር ብዬ ነው የምጠጣው። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ባትሪ ሲመርጡ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ ጆሯቸው አጠገብ ይንጡታል፤ ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ቀጥለው በጉልበታቸው ልክ ከፍ አድርገው ምንጣፉ ላይ ይለቁታል። ገዢዋ «ውይ!» ስትል ቀና ብለው ያዩዋትና «አንቺ የማትጥይው መስሎሽ ነው?» ይሏታል። በመጨረሻ አብርተው በመዳፋቸው ጭብጥ ያደርጉታል። ብርሃኑ በጣቶቻቸው መሃል ቀይ ሆኖ ከወጣ «ይቺ ሰው ናት» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

አንድ ቀን ከኮዬ ፈጬ የመጣ ጎረምሳ፣ ውጭ አገር የጥበቃ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ የተሰናዳ፣ ከኔ ሻንጣ ገዝቶ ወደሳቸው ዞረ። ዓይኑ ያረፈው ክንድ በሚያህለው የብረት ባትሪ ላይ ነው፣ የዘበኛው ዓይነት።

«ይሄ ባትሪ አይደለም» አሉት። «መብራት ያለው ዱላ ነው። በእጅህ ይዘህ ልትሳፈር ስትል ፈታሹ ይቀበልሃል።»

«ሻንጣ ውስጥ እከተዋለኋ።»

«ክተተው። ኪሎህን ይብላልህ። በሱ ፋንታ ሁለት ሱሪ ትይዝ ነበር።»

«ያኛውስ፣ ቻርጅ የሚደረገው?»

«እሱ ሆዱ አይከፈትም። እንዲህ ያለውን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ በእጃችሁ ያዙ ይላሉ። በእጅህ ስትይዘው ደግሞ ይሄ ምንድነው እያሉ ሲያገላብጡት ሰልፉ ያልፍሃል። የሚነዝረውንማ፣ ያን ከሰው ጋር የሚያጣላውን፣ ሱቄም አላስገባው።»

«እሺ በቃ፣ በስልኬ አበራለሁ።»

«ስልክህ መብራት ከሆነ ስልክነቱን ይተዋል። እናትህ ስትደውል ዝግ ነው ይላታል።»

ጎረምሳው ሳቀ፤ እጁንም ሰጠ። አውጥተው የሰጡት መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ የፕላስቲክ ባትሪ ነች። ቀላል ናት፣ ተከፍታ ሆዷ ይታያል፣ ድንጋይዋ ደግሞ በየትም አገር ኪዮስክ አይጠፋም። ከሱቁ ዕቃ በዋጋ ከታች ያለችው እሷ ነበረች። ልጁ አገላብጦ አያትና ቅር አለው።

«እትዬ፣ ርካሽ አትሆንም?»

«ርካሽ ማለት ሁለቴ የማትገዛው ማለት ነው» አሉት። ትርፍ ድንጋይም አስያዙት። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።»

እሳቸው ራሳቸው አውሮፕላን የሚያውቁት በላያችን ሲያልፍ ነው። የአየር ማረፊያውን ነገር የሚማሩት ከተመላሽ መንገደኛ ነበር። ሰው ከውጭ ሲመጣ እኛ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብለን እንስማለን፣ እሳቸው ግን ገና ከሩቅ «ምን ወሰዱብሽ?» ይላሉ። ላይተር ተወስዶባት፣ መቀስ ተወስዶበት፣ ሁሉም ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም ይይዙታል። አንዳንዴ ይሳሳታሉ። አንዲቷን ሴት ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ በእጅ ይዘሽ አትግቢ፣ ይከለክሉሻል ብለው አስፈራሯት። እሷ አልሰማቻቸውም፣ ይዛው ገባች። ተመልሳ «ኧረ ማንም ዞሮ አላየኝም» ስትላቸው፣ «እንግዲያው ዕድለኛ ነሽ» ብለው ስህተታቸውን በሷ ዕድል አሳበቡ። ሽንፈት የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ግን በአንዲት ዘዴ ነው። ለመንገደኛ ባትሪ ሲሸጡ ክዳኑን ይከፍቱና የኋለኛዋን ድንጋይ ገልብጠው ይመልሷታል። ድንጋይ ከተገለበጠ፣ ሻንጣ ውስጥ ዕቃ ቁልፉን ቢገፋው እንኳ ባትሪው አይበራም፤ መንገድ ላይ አልቆ አይጠብቅሽም። «ስትደርሺ የኋለኛዋን አቃኚያት፣ ትበራልሻለች» ብለው ይሸኛሉ። ይሄን ዘዴ ከሳቸው ያልተማረ ዘመድና ጎረቤት አልነበረም። እኔም ተምሬዋለሁ። ከማል፣ በሚኒባስ ሹፍርናው ላይ፣ ለተሳፋሪ ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ።

ታላቅ እህታቸው እትዬ ሰዓዳ ናቸው፤ እትዬ ዘሐራ «እታለም» ይሏቸው ነበር። ሁለቱ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብረው ይኖራሉ። እትዬ ሰዓዳ ዳፍንት አለባቸው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይናቸው ይከዳቸዋል። ቀን ገበያ ወርደው ተከራክረው የሚገዙት ሴት፣ ሲመሽ አንዲት ደረጃ ብቻቸውን አይወርዱም። ስለዚህ እትዬ ዘሐራ ከሁላችንም ቀድመው ሱቅ ይዘጉ ነበር። ታክሲ ተጋፍተው ይደርሱና እህታቸውን በክርናቸው ይዘው፣ አንዴ ጎረቤት ለቅሶ፣ አንዴ ሱቅ፣ ያደርሳሉ፣ ይመልሳሉ። አንድ ቀን «አይደክሞትም?» ብላቸው «እኔን በልጅነቴ አዝላኝ የለ?» አሉኝ። እትዬ ሰዓዳ ናቸው ያሳደጓቸው።

የእትዬ ሰዓዳ የሐጅ ተራ ሲደርስ ቤቱ በሁለት ተከፈለ። ልጃቸው ሰዒድ አይሆንም አለ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። «ሐጅ ቀን ቀን ብቻ አይደለም» ይላል። «ሙዝደሊፋ ላይ ሜዳ ላይ ነው የሚታደረው። ሰይጣን የሚወገርበት ጠጠር የሚለቀመውም በጨለማ ነው። መብራት ቢኖርም በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እናቴ ከተነጠለች ማን ያገኛታል? ሰው ይወክላት።»

«ስትጠብቀው የኖረችውን ሰው ይሂድላት?» አሉ እትዬ ዘሐራ። «መብራቷን እኔ እመርጣለሁ። ከወደቀች በኔ ይሁን።»

«አክስቴ፣ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አላቸው ሰዒድ።

«አብሽር» አሉት። ያን ቃል ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ቀጠን ማለቱን እኔ ነኝ ያስተዋልኩት።

ያን ሰሞን ደንበኛ ቢመጣም ባይመጣም ግድ አልነበራቸውም። እህታቸውን ሱቅ አምጥተው፣ ዓይናቸውን በሻርፕ አስረው፣ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ያስይዟቸዋል። አንዱ ቁልፉ ለጣታቸው ጠጠረ። አንዱ ያንሸራትታል። አንዱ በአንድ ንክኪ ይበራል፣ በሁለተኛው ይብለጨለጫል፣ «ይሄ የሠርግ ነው» ተብሎ ተመለሰ። የማታ ማታ ተመርጣ የቀረችው ያችው መዳፍ የምታክለው ነበረች። ከጨርቅ ከረጢት ሰፉላት፣ አንገት ላይ እንድትንጠለጠል ገመድ አበጁላት፣ የኋለኛዋን ድንጋይ ገለበጡ። በሽኝቱ ዕለት ዱዓ ተደርጎ፣ እኔም ድፎዬን ይዤ ሄጄ አሚን ብዬ፣ ከማል እትዬ ሰዓዳን በሚኒባሱ ወደ ቦሌ ወሰዳቸው።

እትዬ ሰዓዳ የደወሉት ከሄዱ ከቀናት በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ሸራችንን ስንጠቀልል ነው፤ እህታቸው ስለሌሉ እትዬ ዘሐራም ያን ሰሞን ከኔ እኩል ነበር የሚዘጉት። እትዬ ዘሐራ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ስለሚያወሩ ሁሉንም ሰማሁ።

«ዘሐራ፣ ባትሪሽ አልበራም አለች።»

የእትዬ ዘሐራ እጅ ሸራው ላይ ቀረ። «ድንጋይዋን አቀናሻት?»

«እንዳልሽኝ። የኋለኛዋን። ትርፍ ያስያዝሽኝን አዲሶቹንም እንደነሱ አቀማመጥ አስገብቼ ሞክሬያለሁ።»

«አሁን የት ነሽ?»

«ሚና ነኝ፣ ድንኳን ውስጥ። ነገ ዐረፋ እንውላለን፣ ማታውን ሙዝደሊፋ ነው። ሰዒድ ደውሎልኝ ነገርኩት። ከሰው መሃል እንዳትገቢ፣ ከደካሞቹ ጋር በመኪና ያሳልፉሽ አለኝ። የቡድናችን ኃላፊም እሺ ብለዋል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ግን ጠጠሬን በእጄ ልለቅም ነበር የመጣሁት፣ ዘሐራ።»

የእትዬ ዘሐራ ፊት አመድ መሰለ። ለሰው ሁሉ ሲመርጡ ኖረው ለእህታቸው ሲሆን ተበላሸ። ስልኩን ከአፋቸው አራቁና፣ «አስቱ፣ ከማልን ደውይልኝ። ወደ ቦሌ የወሰዳት እሱ ነው። ባትሪዋን ነክቷት እንደሆነ ጠይቂው» አሉኝ።

በኔ ስልክ ደወልኩ። ከማል አልደበቀም፣ እንዲያውም ኮራ ብሎ ነው የመለሰው። «አዎ፣ ነክቻታለሁ። አየር ማረፊያው በር ላይ ከፍቼ አንዷን ድንጋይ ገለበጥኳት፣ እትዬ ዘሐራ እንደሚያደርጉት። በሽኝቱ ግርግር ረስተውት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«የትኛዋን?»

«የፊተኛዋን።»

እትዬ ዘሐራ ግንባራቸውን መቱ። እሳቸው የኋለኛዋን ገልብጠዋል፣ ከማል የፊተኛዋን። እትዬ ሰዓዳ እንደተነገራቸው የኋለኛዋን አቃንተዋል፤ የፊተኛዋ ግን እንደተገለበጠች ቁጭ ብላለች። አዲሶቹም በዚያው ልክ ነው የገቡት። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ከእትዬ ዘሐራ ዘመዶች በቀር ማን ይኖራል? ሁሉም ጠንቃቃ፣ ሁሉም የሳቸው ተማሪ።

«እታለም፣ ሁለቱንም አውጪያቸው» አሉ በስልኩ።

«መሽቷል እኮ ዘሐራ። አይታየኝም። አጠገቤ ያለችውን ሴት ልጥራ?»

እትዬ ዘሐራ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ጥሪያት ሊሉ እንደነበር አውቃለሁ። «ማንንም አትጥሪ» አሉ። «ነገም ሰው ላታገኚ ትችያለሽ። በጣትሽ ዳብሺ። የድንጋይዋ አንዱ ጫፍ ጡት አለው።»

«አለው።»

«ጡቱን ወደ መስተዋቱ አድርገሽ አስገቢያት። ሁለተኛዋንም እንደዚያው፣ አንዷ የሌላዋን ጀርባ እያየች፣ እንደ ታክሲ ሰልፍ።»

ከወዲያ የብዙ ሰው ድምፅ፣ የዕቃ መንኳኳት ይሰማል። «ወደቀችብኝ» አሉ እትዬ ሰዓዳ። እኔ የሸራውን ጫፍ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ደንበኛ ቢመጣ ሻንጣውን በነጻ ይዞ መሄድ ይችል ነበር። «አገኘኋት» አሉ ቆይተው። ከዚያ ክዳን ሲገጠም፣ ከዚያ ጩኸት፦

«በራች! ዘሐራ፣ በራች! ኧረ ድንኳኑን ሞላችው!»

ሴቶች ሲስቁና ሲመርቁ ተሰማ። እትዬ ዘሐራ ካርቶን ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ መንገደኛው ሁሉ እያየ፣ ሳያፍሩ አለቀሱ። እንባቸውን በሻርፓቸው ጠርገው ወደኔ ዞሩ። «ከማል ምን አጠፋ? ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ። «ለሰው ገልብጬ እሰጣለሁ እንጂ አስገልብጬ አላውቅም። የእታለምን ጣት ሥራ ያስፈታሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ሰዓዳ ጠጠራቸውን በእጃቸው ለቅመው፣ ሐጃቸውን ጨርሰው መጡ። ሰዒድ እናቱን አቅፎ ሲያለቅስ እትዬ ዘሐራ ከኋላ ሆነው «ምን ወሰዱብሽ?» አሉ።

«የጥፍር መቁረጫዬን።»

«ባትሪዋንስ?»

«እሷንማ ማን ሰጥቷቸው!» አሉ እትዬ ሰዓዳ፣ ከአንገታቸው ሥር እያወጡ።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ ዘሐራ አሻሻጥ ተለወጠ። ባትሪ የገዛ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋዩን ራሱ ካልገለበጠና መልሶ ካላቃና አይወጣም። የሚቸኩል ደንበኛ ያጉረመርማል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይሉታል፤ እውነትም አንዳንዱ ድንጋዩን መሬት ላይ አፍሶ ሲለቅም እንስቃለን። እህታቸውን ግን እንደ ድሮው አመሻሽ ላይ በክርናቸው መያዛቸውን አልተዉም። እትዬ ሰዓዳም ባትሪዋን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሳያበሯት፣ ክርናቸውን ይሰጡ ነበር። በዚህ በኩል ሁለቱም አልተለወጡም።

ሕመማቸው አጭር ነበር። ለቀጣዩ ሐጅ ተመዝግበው ተራ እየጠበቁ ሳለ ተኙ፣ አልተነሱም። ናፍቀውኛል። ቆርቆሮውን ስሰማው ዝም ይላል፤ ዝምታውን እስካሁን አልለመድኩትም።

ለቅሶው ከበረደ በኋላ እኔና ከማል የሱቁን ካርቶኖች ጭነን ቱሉ ዲምቱ ሄድን። ስንደርስ እየመሸ ነው፣ መብራትም ጠፍቷል። እትዬ ሰዓዳ ከሕንጻው በር ላይ፣ ጎረቤት ያወጣላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ደረጃው ከውስጥ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ስልኬን ባወጣው ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል፤ እትዬ ዘሐራ ቢኖሩ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

«ከካርቶኖቹ በአንዱ ውስጥ የጨርቅ ከረጢት አለ» አሉ እትዬ ሰዓዳ። «ለሷ ሐጅ የሰፋችው ነው። የኔዋ ላይ ቤት ቀርታለች፣ አውጡት።»

አወጣሁት። እትዬ ዘሐራ ለራሳቸው የትኛዋን እንደመረጡ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። ያችው ናት፣ መዳፍ የምታክለው፣ በዋጋ ከታች ያለችው። ቁልፏን ገፋሁት፣ አልበራችም። ከማል ተቀብሎ ነካካት።

«ድንጋዩ አልቋል» አለ።

«ወዲህ በሉ» አሉ እትዬ ሰዓዳ።

ዓይናቸውን ወደ ባትሪዋ አላወረዱም። ፊታቸው ወደ መንገዱ እንደዞረ ጣታቸው ክዳኑን ፈታ፣ የኋለኛዋን ድንጋይ አወጣ፣ ጡቷን ዳበሰ፣ አዙሮ መለሳት። በራች።

«ለመንገዷ አዘጋጅታት ነው» አሉ።

እኔ ቀረብ ብዬ ክርናቸውን ያዝኩ፣ እትዬ ዘሐራ በሚይዙበት በኩል። እጄን ቀስ ብለው አነሱት። «አንቺ ካርቶኑን ያዢ» አሉኝና ተነስተው ደረጃውን ጀመሩ። «ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተሰበረች ደረጃ አለች፣ እግራችሁን አንሱ» እያሉ ከፊታችን ወጡ። እኔና ከማል በሳቸው መብራት ተከተልናቸው።